ገባ እኮ!

ዶኪንግ ስቴሽን የሚባለው ዕቃ የተሠራው እግሩ ለማያርፍ ሰው ነው። ሠራተኛው ጠዋት ቢሮ ገብቶ ላፕቶፑን ከቦርሳው ያወጣል፤ ጠረጴዛው ላይ የሚጠብቀው ጠፍጣፋ ጥቁር መቀመጫ ላይ ያሳርፈዋል፤ ቀጭ ሲል ትልቁ ስክሪን፣ ኪቦርዱ፣ ማውሱ፣ ፕሪንተሩና ኔትወርኩ በአንዴ ይገጥሙለታል። ማታ መልቀቂያውን ገፋ አድርጎ ያነሣውና ይዞት ይሄዳል። ባሕር ዳር ውስጥ ያየኋቸው ዶኪንጎች ግን፣ ብዙ ባይሆኑም፣ ላፕቶፑን አንዴ ከተረከቡ ወዲያ መልቀቅ የሚባል ነገር የላቸውም። ላፕቶፑ እዚያው ያድራል፣ እዚያው ይከርማል። ከላይ ዳሩ የተጠለፈ ጨርቅ ይደረብለታል፤ ከጨርቁ ላይ የደረሰኝ ጥራዝ፣ ከጥራዙ ላይ የሻይ ብርጭቆ። መንቀሳቀሱ ቀርቶ፣ መንቀሳቀስ እንደሚችል የሚያስታውስ ሰው አይገኝም።

እኔ የማውቀው ዶኪንግ ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ብዙም በማይርቅ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ይኖራል። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ስለሚላቸው እኔም ከዚያ አላልፍም። ጋሼ የሚተዳደሩት በፊደል ነው። ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ አቤቱታ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የዕድር ደንብ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ይጽፋሉ። አንዲት እናት ግማሽ ቀን አልቅሳ የማትጨርሰውን በደል ሰምተው፣ «ጉዳዩ፦» ብለው አስምረው፣ በሦስት አንቀጽ ያስቀምጡታል። ሰው የሚለውን ቀርቶ ሊል የፈለገውን ያነብባሉ ይባልላቸዋል። እኔም እመሰክራለሁ።

ላፕቶፑ ዴል ላቲቲውድ ኢ-6410 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ገበያ ላይ የዋለ፣ በዘመኑ የትልልቅ መሥሪያ ቤት ሰዎች ይይዙት የነበረ። መቀመጫው ኢ-ፖርት ፕላስ ይባላል። ሁለቱንም ከነቻርጀራቸው ያመጣላቸው አሜሪካ የሚኖር የእህታቸው ልጅ ነው፤ የሚሠራበት ድርጅት አሮጌ ኮምፒውተሮቹን ሲያስወግድ ያገኛቸው ናቸው። የመጡ ሰሞን ሰፈሩ ተሰብስቦ «አሜሪካ 110 ነው፣ እኛ 220 ነን፣ እንዳይነድብዎት» ብሎ መከረ። ጋሼም ሁለት እጅ የሚፈልግ ትራንስፎርመር ገዙ። የቻርጀሩ ሆድ ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» ተብሎ ተጽፏል፤ አንባቢ ግን አላገኘም። ትራንስፎርመሩ ክረምቱን ሳይዘልቅ ተቃጠለና ጋሼ በተስፋ መቁረጥ ቻርጀሩን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት። ምንም አልሆነም። ሰፈሩ ለዚህም ማብራሪያ አላጣም።

«ለመደ!» አሉ። «ሐበሻ ሆነ።»

ዶኪንጉ ያለ ምክንያት አልተወደደም። ጋሼ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ያወጡት ባለ ሪባን ኤፕሰን ፕሪንተር አላቸው፤ በካርቦን ሦስት ቅጂ ባንዴ የሚያወጣ፣ ሲያትም ድምፁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ። ይህ ፕሪንተር የሚገናኘው ባለ ብዙ እግር በሆነው በድሮው የፓራለል ገመድ ነው። ላፕቶፑ ላይ የዚያ ገመድ ቀዳዳ የለም፤ ዶኪንጉ ላይ አለ። ስለዚህ ከዶኪንጉ መላቀቅ ከፕሪንተሩ መላቀቅ ነው።

«ታዲያ ለምን አዲስ ኮምፒውተር አይገዙም?» የሚል አይጠፋም። መልሱ የጋሼ ፋይሎች ውስጥ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በልማድ፣ አገሩ ሁሉ የሚጽፈው እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች የቆዩ ፊደሎች ነበር። እነዚያ ፊደሎች «ሀ»ን የሚያሳዩት ለዓይን ብቻ ነው፤ ዲስኩ ላይ የሚቀመጠው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ፊደሉ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት አንድ የፍቺ ማመልከቻ ቅንፍ፣ የፐርሰንት ምልክትና የእንግሊዝ ፊደል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ባልና ሚስቱ በዚያ መልኩ ቢያነብቡት ምናልባት ይታረቁ ነበር።

መግቢያው ረዘመ፤ ወደ ጥፋቱ ልሂድ።

የባሕር ዳር ሰው መብራት ሲጠፋበት የሚናደድበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለው። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው ጢስ ዓባይ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ፣ መጀመሪያ በ11.4 ሜጋዋት፣ ኤሌክትሪክ ሲያመነጭ የኖረ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ ደግሞ ውኃውን ከራሱ ከሐይቁ እየጠለፈ 460 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ውኃው ከደጃችን ተነሥቶ ብርሃን ሆኖ ይሄዳል፤ እኛ ሻማ ፍለጋ መሳቢያ እንከፍታለን። ሆኖም የሠለጠነ የከተማችን ሰው እንደሚያውቀው፣ መብራት ሲሄድ ዕቃ ብዙም አይጎዳም፤ ዕቃ የሚያቃጥለው ሲመለስ ነው። ስለዚህ ወግ ያለው ሰው መብራት ሲሄድ ይነቅላል፣ ሲመጣ ጥቂት ጠብቆ ይሰካል። አንድ ቀን ማንም ሳይነቅል መጣ። የዶኪንጉ ቻርጀር ትንሽ ሸተተና አረፈ።

ቻርጀሩ ባለ 130 ዋት ነበር፤ 19.5 ቮልት፣ 6.7 አምፒር። ላፕቶፑንም፣ ዶኪንጉንም፣ ዶኪንጉ ላይ የተሰኩትን ፍላሾችና ቻርጅ የሚደረጉ የሰፈር ስልኮች ሁሉ የሚቀልብ እሱ ነው። ጋሼ ሬሳውን በፌስታል አድርገው ገበያ ወጡ። ሻጩ መደርደሪያውን በረበረና ለኤችፒ ላፕቶፕ የተሠራ፣ ወይም ተሠራ የተባለ፣ ባለ 65 ዋት አወጣላቸው። ቮልቱ 18.5፣ አምፒሩ 3.5። የሁለቱ ኩባንያዎች የዚያን ዘመን መሰኪያ ግን በመጠን አንድ ነው፤ ውጪው 7.4 ሚሊ ሜትር፣ መሐሉ ላይ ቀጭን መርፌ። ሻጩ ሰካው።

«ገባ እኮ!» አለ።

ክርክሩ በዚሁ አለቀ። እኛ ዘንድ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይጠየቅም። የባጃጅ ብሎን ገባ ከተባለ ልኩ ነው። ከመንገድ ዳር የተገዛ መነጽር ጆሮና አፍንጫ ላይ ከተቀመጠ ታይቶበታል ማለት ነው። ቻርጀር ሆዱ ላይ ስንት ቮልት፣ ስንት አምፒር እንደሆነ የሚጻፈው ለጌጥ ይመስለናል።

ያቺ መሐሉ ላይ ያለች ቀጭን መርፌ ደግሞ ሥራ አላት። ኃይሉ የሚመጣው በሌላ በኩል ነው፤ እሷ ወሬ አቀባይ ነች። ቻርጀሩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቺፕ ተቀምጣለች፤ ላፕቶፑ በመርፌዋ በኩል «ማን ነህ? ስንት ዋት ነህ?» ብሎ ይጠይቃታል። መልስ ካገኘ ሥራውን ይቀጥላል። መልስ ካላገኘ ግን እንደ አስተዋይ ሰው ይጠነቀቃል፦ ባትሪውን አያስሞላም፣ የራሱንም ፍጥነት ዝቅ ያደርጋል፤ ማንነቱን ከማያውቀው ምንጭ ብዙ ላለመጠጣት። ይህን ሁሉ ደግሞ ተደብቆ አያደርገውም። ገና ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ በነጭ ፊደል ጽፎ ያሳውቃል፦ የቻርጀሩ ዓይነት ሊታወቅ አልቻለም፤ ባትሪው ላይሞላ ይችላል፤ ፍጥነቴን ባለው ኃይል ልክ አደርጋለሁ። ከዚያ በታች፦ ለመቀጠል ኤፍ 1 ይጫኑ።

እንግዲህ አስቡት። ዕድሜውን ሙሉ የሰው አቤቱታ ሲጽፍ የኖረ ቤት ውስጥ፣ ጸሐፊው ራሱ፣ ማለቴ ማሽኑ፣ በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አቤቱታ ያስገባል። ጉዳዩን ገልጿል፣ ምክንያቱን ጠቅሷል፣ የሚወስደውን እርምጃም አሳውቋል። ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑ እንጂ ከጋሼ ማመልከቻዎች የሚለየው ነገር የለም። በየጠዋቱም ያው ምላሽ ይሰጠዋል፦ ኤፍ 1። የትኛውም ቢሮ ውስጥ «ነገ ተመለስ» የተባለ ባለጉዳይ ይህን ምላሽ ያውቀዋል።

ለጥቂት ወራት እንዲህ ተኖረ። ኋላ ፎቶ ኮፒ የሚያነሣው ልጅ ጎበዝ ሆኖ እንግሊዝኛውን እስከ ታች አነበበው፤ ከማስጠንቀቂያው ሥር «ይህን ዳግመኛ ማየት ካልፈለጉ ኤፍ 3 ይጫኑ» የሚል አገኘ። ተጫነ። በማግሥቱ ላፕቶፑ ምንም ሳይናገር በራ። ጋሼ ልጁን አመሰገኑት፤ የሻይም ሰጡት። ማሽኑ ተጠገነ ተባለ።

ይህን ዓይነት ጥገና ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ባትሪው ሲደክም የሚጮኸውን ዩፒኤስ ፈትቶ መጮኺያውን የሚቆርጥ ባለሙያ አለን። የሞተር መብራት ሲበራ ላዩ ላይ ፕላስተር የሚለጥፍ ሾፌር አለን። ሥራቸውን ልናናንቅ አይገባም፤ ሁለቱም ንጹሕ እጅ አላቸው፣ ሁለቱም በሰዓቱ ያስረክባሉ።

ዝም የተባለው ላፕቶፕ ግን ልማዱን አልተወም። ባትሪው አልሞላም። አልሞላም ማለት ሞቷል ማለት ነው ተብሎ ተፈረደበትና ተነቀለ። ባትሪውን የሠፈር ልጅ ወሰደው፤ ሰብሮ ውስጡ ያሉትን ክብ ክብ ሴሎች አወጣና ለአያቱ የእጅ ባትሪ ሠራላቸው። አያትየው እስካሁን በዚያ ይሳለማሉ፤ ሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ብርሃኑ ከመንገዱ አልፎ የአጥሩን ቆርቆሮ ያሳያል። ሞተ የተባለው ባትሪ ማለት ያ ነው።

ከዚያ ወዲያ ላፕቶፑ ምንም መጠባበቂያ ሳይኖረው ቀረ። ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ገመዱ ለቅጽበት ቢላቀቅ ልብ አይልም፤ ባትሪ የሌለው ግን ለዓይን ጥቅሻ ያህል ኃይል ቢያጣ ጨለማ ነው። ፍጥነቱም ስለ ዘገየ ሌላ ምርመራ ተጀመረ።

«ቫይረስ ነው» ተባለ። እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ያለ ነገር ነው። የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር በቀን ስንት ፍላሽ እንደሚጎርስ የሚያውቅ ሰው አይፈርድም፤ ፎልደሩን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚቀይረውን ቫይረስ ያልቀመሰ የፔዳ ተማሪ የለም ማለት ይቀላል። ላፕቶፑ ላይ ያለው ዊንዶውስ 7 ደግሞ ከጥር 2012 ዓ.ም. ወዲህ ከሠሪው የደኅንነት ማሻሻያ የተቋረጠበት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ደግሞ አንቲቫይረሱም ድራይቨሩም ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው በዚያው በፍላሽ ነበር። መድኃኒቱና በሽታው በአንድ ጠርሙስ ይመጡ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ «ቫይረስ ነው» ያለው ሰው አልተሳሳተም፤ ቫይረስ ነበረ። ለመዘግየቱ ምክንያት አለመሆኑ ብቻ ነው።

ለቫይረስ አንድ መድኃኒት ነው ያለን፦ ፎርማት። ዊንዶውሱ ቢያረጅ ፎርማት፣ ድምፅ ቢጠፋ ፎርማት፣ የኪቦርድ ቁልፍ ቢነቀል አንዳንዱ ከልቡ ያስብበታል። ላፕቶፑ ፎርማት ተደረገ። ቪዥዋል ግዕዙ ሄደ፤ የዕድሩ ደንብ ወደ ቅንፍና ፐርሰንት ተለወጠ፤ ፊደሉን የሚያስገባ ሲዲ ተፈልጎ ከአንድ ጡረተኛ መምህር ቤት እስኪገኝ ዕድርተኛው ያለ ሕግ ሰነበተ። ላፕቶፑ እንደ ቀድሞው ዘገምተኛ ነበር።

መጥፋት የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። አጠፋፉ ደግሞ ወግ ነበረው፦ ጽሕፈት ላይ አይጠፋም፣ ፕሪንት ሲባል ይጠፋል። ኤፕሰኑ ሁለት ሦስት መስመር «ጭርርር» ብሎ ሲመታ ላፕቶፑ ድርግም። እንደገና ሲበራ ቀኑ ስንት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ይገኛል፤ ሰዓቱን የምትይዘው ሳንቲም መሳይ ባትሪም ከሞተች ቆይታለችና። በዚያ ሰሞን የወጣ አንድ ደረሰኝ ላይ ደንበኛው ቀኑን አይቶ ሲደነግጥ፣ ልጁ ረጋ ብሎ «በሐበሻ ነው» አለው። ሰውየው ወደ ኋላ ጥቂት ቆጠረና አመስግኖ ሄደ።

እዚህ ላይ የጥገና ሰዎች የሚያውቁትን አንድ ነገር ላስገባ። ኮምፒውተር ሲወድቅ ሁለት ዓይነት አወዳደቅ አለው። አንደኛው ሰማያዊ ስክሪን ነው፤ ማሽኑ ከመውደቁ በፊት ኑዛዜውን በኮድ ይጽፋል፤ ጥርጣሬው ወደ ድራይቨር፣ ወደ ራም፣ ወደ ሃርድ ዲስክ ይሄዳል። ሁለተኛው ያለ ምንም ቃል ድርግም ማለት ነው፤ ያኔ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኃይል ነው፣ ቀጥሎ ሙቀት። ዊንዶውስም ሲነሣ በማስታወሻው ላይ «ከርነል ፓወር 41» ብሎ ይመዘግባል፤ ትርጉሙ «በወጉ ሳልዘጋ ጠፋሁ» ነው። የጋሼ ላፕቶፕ መዝገብ በ41 ብቻ የተሞላ ነበር። ያም አልተነበበም።

ምርመራው ግን በሰፊው ቀጠለ። ጽሕፈት ቤቱ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲፈታ የሐኪሞች ጉባኤ ይሆናል፤ እኔም ሻይ እየጠጣሁ ብዙውን ሰምቻለሁ።

ከጨርቃጨርቅ ፋብሪካው ጡረታ የወጡ ኤሌክትሪሺያን «ኧርዝ የለውም» አሉ። ደጃፉ ተቆፍሮ የብረት ዘንግ ተቀበረ። አፈሩ በበጋ ስለሚደርቅ ዘንጉ ውኃ መጠጣት አለበት ተባለ፤ ስለዚህ በየጠዋቱ አንዲት ጆግ ውኃ ለላፕቶፑ ኧርዝ ትፈስሳለች። አጠገቡ የተተከለው ሎሚ በጣም አምሮበታል።

አንድ ጎረቤት ጥፋቱን ጣና ላይ ጫኑት። «የሐይቁ እርጥበት ነው፤ ማታ ማታ ነፋሱ ይዞት ይገባል» አሉና ላፕቶፑና ዶኪንጉ በላስቲክ እንዲሸፈኑ አዘዙ። ሽፋኑ እርጥበቱን ይከልክል አይከልክል እንጃ፤ አየሩን ግን በደንብ ከለከለ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ያለች ከተማ ነች፤ አየሩ ቀድሞውንም ከባሕር ዳርቻው አገር ስስ ስለሆነ ፋኑ የሚያቀዘቅዘው በዚያው ልክ ያንሳል። በዚያ ላይ በአቧራ ታፍኖ፣ በዚያ ላይ ላስቲክ ለብሶ። ላፕቶፑ በዚያ ሳምንት አለመቅለጡ የሠሪዎቹን ጥንካሬ ይመሰክራል።

የጥገና ሱቅ ያለው ወጣት ደግሞ «ማዘርቦርዱ መሞቅ አለበት» አለ። ይህ ልጅ ከሜዳ ተነሥቶ አልተናገረም። እ.ኤ.አ. በ2008 ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ ላፕቶፖች ውስጥ የገቡ አንዳንድ ቺፖቹ በሙቀት እየደከሙ መሆኑን አምኖ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መያዙን ይፋ አድርጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የዓለም ጥገና ቤት ሁሉ ቺፕ በሙቅ አየር ሲያሞቅ ኖሯል፤ ለጥቂት ሳምንት ይነሣል፣ ከዚያ ይተኛል። የጋሼ ላፕቶፕ ግን የኤንቪዲያ ቺፕ ከናካቴው የለውም፤ ምስሉን የሚሠራለት ኢንቴል ነው። ልጁ አሞቀው። ላፕቶፑ በማያውቀው ወንጀል ያለ ጥፋቱ ተቀጣ።

እትዬ የሚሏቸው እንጀራ አቅራቢ ጸበል ይረጭ አሉ። ጋሼ ሃይማኖተኛ ሰው ናቸው፤ አልተቃወሙም፤ «ከሶኬቱ ከተነቀለ» ብቻ አሉ። እስከዚያን ቀን ከተሰነዘሩት የሙያ አስተያየቶች ሁሉ ይህ ብቸኛው የጥንቃቄ አስተያየት ነበር ብዬ አምናለሁ።

በሩ ላይ ቆሞ ሂሳብ የሚጠብቅ የባጃጅ ሾፌር ደግሞ እንዲሁ ጣልቃ ገብቶ «ሥራ ሲበዛበት የሚጠፋ ከሆነ ነዳጅ እየደረሰው አይደለም ማለት ነው፤ መስመሩን እዩ» አለ። ጉባኤው ሣቀ። ኤሌክትሪሺያኑ «ይህ ባጃጅ መሰለህ?» አሉት። ሾፌሩ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ከዚያ ሁሉ ሰው ለእውነቱ የቀረበው እሱ ነበር፤ ሙያው ስላልሆነ ማንም አልሰማውም።

በመጨረሻ የመጣችው የፖሊ ተማሪ ነች። ፖሊ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ትብብር ሲከፈት የእጅ ሙያተኛ እንዲያወጣ ታስቦ ነበር፤ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ ልጅቷም የመጣችው ለማስተማር ሳይሆን ሦስት ቅጂ የሚፈልግ ፎርም ለማሳተም ነበር። ላፕቶፑ ሁለተኛው መስመር ላይ ድርግም አለ። ጉባኤው ምርመራውን ሊያስረዳት ተንጠራራ።

«ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚሆነው?» አለች።

ዝምታ ሆነ። እስከዚያን ጊዜ ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ጋሼ አሰቡ፤ ፎርማቱ፣ ከፎርማቱ በፊት መዘግየቱ፣ ከመዘግየቱ በፊት ባትሪው፣ ከባትሪው በፊት… «ቻርጀሩ ከተቃጠለ ወዲህ» አሉ።

ልጅቷ ብርጭቆውን አነሣች፣ ጥራዙን አነሣች፣ ጨርቁንና ላስቲኩን ገፈፈች፣ ከጎን ያለውን መልቀቂያ ፈልጋ ተጫነችው። ላፕቶፑ ከስንት ዘመን በኋላ ከመቀመጫው ተነሣ። ሥሩ አንድ ማበጠሪያ፣ የስቴፕለር ሽቦዎችና ጋሼ ጠፋብኝ ብለው ሰው የተጠራጠሩበት ማኅተም ተገኙ። ቻርጀሩን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰካችና ሌላ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ሲጻፍበት፣ ቪዲዮ ሲከፈትበት ዋለ፤ አልጠፋም። ወደ ዶኪንጉ መለሰችውና አጠገቡ ያለውን የጠረጴዛ እንጨት በመዳፏ መታ አደረገች። ድርግም። አበራችው፤ እንደገና መታች። ድርግም።

ጋሼ አፋቸውን ያዙ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ስንት ብር ከስክሼ ያጣሁትን በጥፊ አገኘሽው?»

ነገሩ ይህ ነበር። ኤፕሰኑ ሲያትም ጠረጴዛውን ያርገበግበዋል። ገባ የተባለው መሰኪያ በስም ልኩ ቢሆንም አሠራሩ ልል ስለሆነ የዶኪንጉ ቀዳዳ ውስጥ ይወዛወዛል። ጠረጴዛው ሲርገበገብ መሰኪያው ለቅጽበት ይላቀቃል። ባትሪ ቢኖር ያችን ቅጽበት ያሻግረው ነበር፤ ባትሪው ግን የአያትየውን መንገድ እያበራ ነው። ልጅቷ ይህን ሁሉ በቀስታ አስረዳች፤ የሁለቱን ቻርጀሮች ሆድ አጠገብ ለአጠገብ አድርጋ ጽሑፉን ለጋሼ አነበበችላቸው፦ 130፣ 65። 19.5፣ 18.5። መፍትሔውንም ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠቻቸው፦ ትክክለኛው ባለ 130 ዋት ቻርጀር፣ አንድ ባትሪ፣ የአቧራ ጠረጋ፤ ማስጠንቀቂያውም ከባዮሱ ውስጥ ተመልሶ ይከፈት። ሂሳብ ስትጠየቅ ፎርሙ በነጻ ይታተምልኝ አለች። ታተመላት፤ ልጁ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ደግፎ ይዞ።

ጋሼ ወረቀቱን ደጋግመው አነበቡት። ከዚያ አናጢ ጠሩ። ለኤፕሰኑ ብቻውን የሚቆምበት ጠረጴዛ ተሠራለት፤ ከላፕቶፑ በአንድ ክንድ ርቆ ተቀመጠ። ላፕቶፑ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፕሪንት ሲባል አይጠፋም። ቻርጀሩ ያው ነው፤ ባትሪ አልተገዛም፤ ፍጥነቱም እንደ ዘገየ ነው። «ካልጠፋ ምን ጎደለው?» ይላሉ ጋሼ። ወረቀቷ ከጨርቁ ሥር ገብታለች።

የጋሼ ዝና ግን ሰፋ። በመንገዱ ላይ ካሉት ጽሕፈት ቤቶች ሁለቱ የፕሪንተራቸውን ጠረጴዛ ለዩ፤ አንደኛው ፕሪንተሩ የሌዘር ስለሆነ ጠረጴዛ የሚያነቃንቅበት ጉልበትም ምክንያትም የለውም፤ ቢሆንም «ለውጥ አለው» ይላል። ጁስ ቤቷ መጭመቂያዋን ለየች። አናጢው ጋሼን ሲያይ ባርኔጣውን አንሥቶ ዝቅ ይላል። ባለፈው ሰሞን ደግሞ ጸጉር አስተካካዩ ቶንዶሱ በሥራ መሐል እየጠፋ አስቸገረውና፣ ግማሽ ራሱ የተላጨ ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ጋሼን ሊጠራ መጣ። ሄዱ፤ እኔም ተከተልኩ። ጋሼ ቶንዶሱን ገለበጡት፣ ገመዱን ነካ ነካ አደረጉት፣ አገጫቸውን ይዘው ጥቂት ቆዩ።

«ጠረጴዛውን ለይተኸዋል?» አሉት።

«ኧረ ጋሼ፣ በእጅ እኮ ነው የሚያዘው!»

«ይሁን» አሉ ጋሼ፣ «ሲያድር ግን የት ነው የሚያድረው?»